ውሎ ለሌላቸው ውሎ፦ የእንክብካቤ እርሻ በጅማ ምን ይጠይቃል?

«እንዴት ዋላችሁ?» የሚለው ሰላምታ የዋለበት ላለው ሰው የተሠራ ነው፤ ከሥራ ለተመለሰ፣ ከገበያ ለገባ፣ ከትምህርት ቤት ለመጣ። ጅማ ውስጥ ግን በየቀበሌው ይህን ጥያቄ ማንም የማይጠይቃቸው ሰዎች አሉ። የአእምሮ ሕመማቸው በመድኃኒት ጋብ ቢልላቸውም ከጓሮ የማይወጡ፣ ከልዩ ፍላጎት ክፍል ከወጡ በኋላ የሚሄዱበት የጠፋቸው ወጣቶች፣ የሚጥል በሽታ ስላለባቸው ማንም ሥራ የማይሰጣቸው፣ የመርሳት ሕመም የጀመራቸው አዛውንት። ሐኪም ያያቸዋል፣ ቤተሰብ ያበላቸዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ ግን የሚይዝላቸው የለም። እናት ወይም እህት ገበያ መውጣት ሲኖርባት በር ይቆለፍባቸዋል፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ገመድና ሰንሰለት አለ። ይህን የሚያደርጉት ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ሰው አምነው የሚያውሉበት ቦታ ስለሌላቸው ነው።

የእንክብካቤ እርሻ ይህን ስድስት ሰዓት ለመሙላት የተፈጠረ አሠራር ነው። እርሻው እውነተኛ እርሻ ነው፤ ዶሮዋ ትጥላለች፣ ጎመኑ ይሸጣል፣ ቡናው ይለቀማል። ልዩነቱ ሥራው የሚደራጀው ለምርቱ ብዛት ሳይሆን ለሚሠራው ሰው መሆኑ ላይ ነው። የሚመጣው ሰው እንደ ታካሚ አልጋ አይሰጠውም፣ እንደ ቀን ሠራተኛም በቁርጥ አይለካም። ጠዋት ይመጣል፣ የሚጠብቀው ሥራ አለ፣ ከሰው ጋር ምሳ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይገባል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቤልጅየም ጌል በምትባል ከተማ ቤተሰቦች የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ቤታቸው እያኖሩ በእርሻውም በጓዳውም ሥራ አብረዋቸው ሲውሉ ኖረዋል። የዛሬው መልክ በይበልጥ የተስፋፋው ግን በኔዘርላንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ 75 ገደማ የነበሩት እርሻዎች በ2009 ከ1,000 በላይ ሆነዋል። እንዲህ የበዙት ገበሬው ለሚያውለው ሰው በቀን ሒሳብ ከሕዝብ የእንክብካቤ በጀት ስለሚከፈለው ነው፤ የእንክብካቤው ወጪ በጎመኑና በወተቱ ሽያጭ ላይ አልተጣለም። ጅማ ላይ ይህን ለመሥራት የሚነሣ ሁሉ ከዘር በፊት መያዝ ያለበት ይህን ነጥብ ነው፤ በኋላ በሒሳብ እንመለስበታለን።

በአገራችንም የሚያስተምር ሥራ አለ። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ ስኪዞፍሬኒያ የተባለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 166 ሰዎች ያካተተና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት አለ። ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የማኅበረሰብ ተሐድሶ ሠራተኛ ቤታቸው ድረስ እየሄደ የረዳቸው ሰዎች፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በመምራት ሕክምናውን ብቻ ካገኙት ተሽለው ተገኝተዋል። ጥናቱ ስለ እርሻ አይደለም። የሚነግረን ግን ለእርሻውም መሠረት ነው፦ መድኃኒት ምልክቱን ሲያስታግስ፣ ሰውየው ወደ ሥራና ወደ ጎረቤት እንዲመለስ ሌላ እጅ ያስፈልገዋል።

ለምን ጅማ?

ከባሕር ጠለል በላይ በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጅማ ዝናቧ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ይዘልቃል። ቡና፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ እንሰት፣ ጎመን አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል። ለእንክብካቤ እርሻ ከምርቱ ብዛት ይልቅ ይህ መከታተል ነው የሚጠቅመው፤ በዓመት ውስጥ «ዛሬ ሥራ የለም» የሚባልበት ሳምንት አይኖርም። ሁለተኛው ጥቅም እውቀቱ እዚያው መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል፤ የሕክምና ማዕከሉ የሥነ አእምሮ ክፍል አለው፤ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ አውጥቶ የማስተማር ልማድ አለው። መልኮ ላይ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ደግሞ የቡና ዘርና የችግኝ አያያዝን ከማንም በላይ ያውቃል። የግብርና ባለሙያውና የሥነ አእምሮ ነርሱ በአንድ ባጃጅ የሚደርሱበት ከተማ ብዙ የለንም።

እንቅፋቱም የዚያው አገር ነው። ቀዩ የጅማ አፈር ሲዘንብበት ያዳልጣል፤ ክራንች ለያዘ፣ ለአዛውንት፣ በመድኃኒት ጉልበቱ ለሚብረከረክ ሰው አደገኛ ነው። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ ተመርምሮ ኖራ ካልተደረገበት ጎመኑ ይቀጭጫል፤ የቀጨጨ መደብ ላይ ሦስት ወር የደከመ ሰው «እኔ የነካሁት አይሆንም» ማለት ይጀምራል። ምስጥ ከመሬት ጋር የተገናኘ እንጨት አይምርም። ጫትም አለ። ጫት ለሚቅመው ሰው ሳይኮሲስን (ከእውነታ የሚያርቀውን የአእምሮ ሕመም) ያባብሳል፣ እንቅልፍም ይነሣል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢያጓጓ በእንክብካቤ እርሻ ግቢ አንድ ግንድ ጫት መኖር የለበትም፤ ለአጥርም ቢሆን።

መጀመሪያ ማንን?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በሩን ለሁሉም ከፍተው የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ወጣቶች፣ ከሱስ እያገገሙ ያሉትንና የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አዛውንት በአንድ ጥላ ሥር ይሰበስባሉ። አዛውንቷ ጸጥታ ይፈልጋሉ፤ ወጣቱ ጩኸትና ሩጫ ይወዳል፤ ከሱስ የሚያገግመው ሰው በሚያምነው ወጣት ኪስ ገንዘብ ያያል። በአንድ ወር ውስጥ ረዳቶቹ ጠብ ገላጋይ ሆነው ይቀራሉ። በአንድ ወይም በሁለት ተቀራራቢ ወገን መጀመር፣ ከ12 ሰው አለመብለጥ፣ ለ4 ሰው አንድ ረዳት መመደብ፤ በጅማ ሁኔታ የሚያዋጣው መነሻ ይህ ነው። ለሌሎቹ የተለየ ቀን መስጠት ይቻላል፦ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለአንዱ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለሌላው። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሶላት ሰዓት ከመርሐ ግብሩ ውስጥ ይገባል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙም ስላሉ ምሳው ሽሮ ወይም ምስር ቢሆን ማንም አይለይም።

ከመቀበል በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል። ሰውየው ራሱ መጥቶ አይቶ ይፈልጋል ወይ? ቤተሰብ ማምጣቱ በቂ አይደለም፤ ሁለት የሙከራ ቀን ውሎ «እመጣለሁ» ወይም «አልመጣም» ማለት ያለበት እሱ ነው። ሕክምናውን የሚከታተልለት ማን ነው፣ ቀጣዩ ቀጠሮስ መቼ ነው? ሦስተኛው፣ አንዳች ነገር ቢፈጠር በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደርስ የቤተሰብ ሰው ስልክ አለ ወይ? እነዚህ መልሶች በአንድ ገጽ ተጽፈው ረዳቱ እጅ ይቀመጣሉ፤ ምርመራው የተጻፈበት ወረቀት ግን በግቢው ሁሉ የሚዞር መሆን የለበትም። ሰው በስሙና በማዕረጉ ይጠራ፦ ጋሼ፣ እትዬ፣ ኦቦ፣ አዴ። «ታካሚው» የሚለው ቃል በር ላይ ይቅር።

ግቢው

ግማሽ ሄክታር ይበቃል። ከዚያ ውስጥ 1,200 ካሬ ሜትር ለአትክልት፣ 1,600 ካሬ ሜትር ለቡና (በ2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል 400 እግር ይይዛል)፣ ቀሪው ለችግኝ ጣቢያ፣ ለዶሮ ቤት፣ ለሳር፣ ለእንሰትና ለማረፊያ ጥላ ይሆናል። መጀመሪያ የሚሠራው ግን መደቡ ሳይሆን ጣሪያው ነው። ከመጋቢት በኋላ ጣሪያ የሌለው እርሻ በየከሰዓቱ ሰው የሚበትን እርሻ ይሆናል፤ ውሎው የተቆራረጠበት ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሲጠሩት አይመጣም። 6 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ዳስ 12 ሰው ከረዳቶቹ ጋር ያሠራል። ይኸው ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር በዘነበ ቁጥር እስከ 600 ሊትር ውሃ ያወርዳል፤ አሸንዳና የተከደነ ሮቶ ከተገጠመለት የበጋውን ችግኝ ያጠጣል።

በዊልቸር ለሚመጣ ወይም ጎንበስ ማለት ለማይችል ሰው ከፍ ያለ መደብ ይሠራለታል፤ ከመሬት ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ከሁለቱም ወገን የሚደረስበት ከሆነ ስፋቱ ከ1.2 ሜትር የማይበልጥ፣ ከአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ከ60 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ። በእንጨት የተሠራውን ምስጥ በአጭር ጊዜ ስለሚጨርሰው በድንጋይ ወይም በብሎኬት መሥራት ይሻላል። መተላለፊያው 1.2 ሜትር ይስፋ፤ ቁልቁለቱ በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ላዩ ላይ ጠጠር ወይም ከቡና መፈልፈያ የሚወጣ ገለባ ይነስነስ። ገለባው ርካሽ ነው፣ ጭቃውን ይይዛል፤ ሲበሰብስ ግን ራሱ ስለሚያዳልጥ በየሁለት ወሩ ተጠርጎ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይገባና በአዲስ ይተካል። ይህ ራሱ አንድ ሥራ ነው፣ የሚወዱትም ሰዎች ይኖራሉ።

አንድ ሥራ እንዴት ይከፋፈላል፦ የቡና ችግኝ

ለእንክብካቤ እርሻ ከሁሉ የሚመቸው ሥራ የቡና ችግኝ ማፍላት ይመስለናል፤ ዝርዝሩ እንዲህ ነው።

ዘሩ በጥቅምትና በኅዳር ከቀላ የቡና ፍሬ ይወሰዳል። ከታወቀ ምንጭ መሆን አለበት፤ እንደ 74110 እና 74112 ያሉት ከምርምር ማዕከሉ የወጡ የቡና በሽታን የሚቋቋሙ ዝርያዎች በአካባቢው የታወቁ ናቸው። ፍሬው በእጅ ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ይደርቃል። ዘሩ ሲቆይ የመብቀል ኃይሉ ስለሚቀንስ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ መዘራት አለበት። አፈሩ ሦስት እጅ የላይኛው የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው። ስፋቱ 12፣ ቁመቱ 22 ሴንቲ ሜትር የሆነ የችግኝ ፕላስቲክ አንድ ሊትር የማይሞላ አፈር ይፈጃል፤ ለ5,000 ፕላስቲክ ከ4 እስከ 5 ሜትር ኩብ አፈር መዘጋጀት አለበት። በአንድ ፕላስቲክ ሁለት ፍሬ፣ ጠፍጣፋው ፊት ወደ ታች፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይዘራል። በሳር ይሸፈናል፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ብቅ ሲል ሳሩ ይነሣል፤ ደካማው ተነቅሎ አንድ ይቀራል። ከሰኔ ዝናብ ጋር ለተከላ ይደርሳል።

አሁን ይህን በሰው እንከፋፍለው። ጉልበት ያለውና መቀመጥ የማይሆንለት ሰው አፈር በእጅ ጋሪ ያመላልሳል። ሐሳቡ የሚበታተንበት ሰው በወንፊት ይነፋል፤ ሥራው አንድ ዓይነት፣ እንቅስቃሴው ተደጋጋሚ ነው፤ ሲነፋ ድንጋዩ ከአፈሩ ሲለይ ውጤቱን ወዲያው ያያል። ቁጥር የሚወድ በሦስት፣ በአንድ፣ በአንድ ባልዲ ይለካል። ተቀምጠው የሚሠሩት ይሞላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የሚገጥመው በመድኃኒቱ ምክንያት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው፤ አፈሩ ከፕላስቲኩ ውጭ ይፈስበታል፣ ያፍራል፣ ይተወዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ታችኛው ግማሽ ተቆርጦ ይወገድና አንገቱም ሰፋ ብሎ ይቆረጣል፤ የቀረው ማንቆርቆሪያ ይሆናል። ፕላስቲኩም በቁመቱ ልክ በተቆረጠ የቀርከሃ ቀለበት ውስጥ ይቆማል። ሁለቱም እጅ ነፃ ይሆናል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት ፍሬ ይዘራሉ፤ የጣት ሥራው ከልጅነት ጀምሮ ስለሚያውቁት አይጠፋቸውም፣ ቅደም ተከተሉን ማስታወስ ግን ስለሚከብዳቸው ፊት ለፊታቸው አንድ የተሠራ ናሙና ይቀመጣል።

የሚበላሸውም ይታወቃል። ፕላስቲኩ ግማሽ ከተሞላ አፉ ይታጠፍና ውሃ አይገባም። አፈሩ በጣም ከተጠቀጠቀ ሥሩ ታጥፎ ያድጋል፤ ከተተከለ በኋላ ዛፉ ሳይጠነክር ይቀራል። ከሁሉ በላይ ግን ችግኝ የሚገድለው ፍቅር ነው፦ አንድ ሰው ማጠጣት ከወደደ በቀን ሦስት ጊዜ ያጠጣል፤ ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበሰብሳል። መከልከል ሰውየውን ያስቀይማል። መደቡን ለሦስት ከፍሎ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት መትከልና «ዛሬ የቢጫው ቀን ነው» ማለት ሁለቱንም ያተርፋል፤ እያንዳንዱ መደብ በሦስት ቀን አንዴ ይደርሰዋል፣ ሰውየውም በየቀኑ ያጠጣል። ምልክቱ በጽሑፍ ያልሆነው ሆን ተብሎ ነው። ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ ከፍኛ ይሰማል፤ ማንበብ የማይችሉም አሉ። ቀለም ሁሉም ያነባል።

በመጨረሻ የቀኑ ቁጥር ሰሌዳ ላይ ይሰፍራል፦ ዛሬ 140 ፕላስቲክ። የማን ስንት እንደሆነ አይጻፍም። በስም የተጻፈ ዕለት ውድድር ይሆናል፣ ውድድሩም ደካማውን ያባርራል።

ዶሮ

እንስሳ ለሰው የሚሰጠው ነገር ተክል ከሚሰጠው ይለያል። ዶሮ ጠዋት ትጠብቃለች፤ ካልሄዱላት ትራባለች። ከቤት ለመውጣት ምክንያት ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው በዚህ ነው። 50 ዶሮ በ12 ካሬ ሜትር ቤት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዷ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ስለምትበላ ወደ 6 ኪሎ ይወጣል። ከጫጩት ይልቅ ክትባት ያገኘ ቄብ መግዛት ይሻላል፤ ጫጩት ሌሊት ሙቀት ይፈልጋል፣ መብራት በጠፋ ሌሊት ያልቃል። በአንድ ጠዋት ሃያ የሞተ ጫጩት ማየት ደግሞ ለአንዳንዱ ተሳታፊ ከኪሳራ በላይ ነው።

ትልቁ ጠላት ፈንግል ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ካለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይወጣል፤ ከዚያ እስከ ዶሮዋ ድረስ ቅዝቃዜው መቋረጥ የለበትም፣ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከገበያ የመጣ ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ሳይቆይ ከመንጋው አይቀላቀልም። ቅዳሜና እሑድ፣ በዓልም ሲሆን ማን እንደሚመግብ አስቀድሞ ይወሰን፤ ይህን ያልወሰነ ግቢ መጀመሪያ የሚፈርሰው በፋሲካ ወይም በዒድ ሳምንት ነው።

አደጋና ጥንቃቄ

ፀረ ተባይ መድኃኒት በግቢው አይቀመጥም። ቁልፍ ስር ይሁን ማለታችን አይደለም፤ ጭራሹን አይግባ። ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በገጠር እጃቸው ላይ ከሚያገኙት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ የከፋ ቀን የሚመጣበት ሰው ባለበት ግቢ ማላታይን የሚባል ጠርሙስ ከማየት ጎመኑን ትል ቢበላው ይሻላል። ትሉ በእጅ ይለቀማል፣ ለዶሮ ይሰጣል፤ ክሽክሹን የሳሙና ውሃ ይቀንሰዋል።

ገጀራና ማጭድ በሰሌዳ ላይ ቅርጻቸው ተሥሎ በየቅርጹ ይሰቀላሉ፤ ማታ ባዶ ቅርጽ ከታየ የጎደለው ይፈለጋል። ጉድጓድ ይከደናል፣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ የሚወስድ በኩል ይታጠራል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከምድጃ፣ ከመሰላልና ከውሃ ዳር ይርቃል፤ ለዚህ ሲባል ግን ከሥራ ሁሉ አይገለልም፤ ተቀምጦ መሙላት፣ መዝራት፣ እንቁላል መልቀም ይችላል። ከጣለው ጭንቅላቱ ሥር ልብስ ማድረግ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ ሰዓት ማየት። ክብሪት ጭሮ ማስሸተት፣ ማንኪያ በጥርሱ መካከል ማስገባት፣ መያዝና ማሰር የለም። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል።

ለሳይኮሲስ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀቱን የሚያስተካክልበትን መንገድ ያውካሉ፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል። ስለዚህ ባርኔጣና እጀ ሙሉ ልብስ፣ በየሰዓቱ ውሃ፣ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ሥራ ሁሉ በጥላ። የማታው መድኃኒት ድብታ ጠዋትም ቶሎ ስለማይለቅ ውሎው ከ3 ሰዓት በፊት አይጀምር። ያረፈደ ሰው ሰነፍ አይባል። ሙስሊም ተሳታፊዎች በረመዳን የመድኃኒት ሰዓታቸውን የሚያዛውሩት ከሐኪም ጋር ተነጋግረው እንጂ በራሳቸው እንዳይሆን አስቀድሞ በሻዕባን፣ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ ማንሣት ይገባል። አንድ ሰው ሥራው ተስማምቶት ፊቱ ሲበራ ቤተሰቡ «ድኗል» ብሎ መድኃኒቱን የሚያስቆምበት ጊዜ አለ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሕመሙ ያገረሽና እርሻው ይወቀሳል። ይህን ለቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን መናገር ያስፈልጋል። ወደ ጠበል ወይም ወደ ሼኹ ዱዓ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ። 50 ዶሮ በደህና ጊዜ በቀን ወደ 35 እንቁላል ይሰጣል። ከዚህ ሽያጭ ላይ የ6 ኪሎ መኖ ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረውን አንባቢ በዛሬው የሕርማታ ገበያ ዋጋ ያስላው። ቡናው ከተተከለ ከ3 እስከ 4 ዓመት ድረስ ምንም አይሰጥም፤ ከዚያ በኋላም በሄክታር ከ6 እስከ 7 ኩንታል ንጹሕ ቡና ብለን ብናሰላ፣ 1,600 ካሬ ሜትሩ የሚሰጠው በዓመት አንድ ኩንታል ገደማ ነው። በሌላ በኩል ሦስት ረዳት፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ምግብ አብሳይ፣ ዘበኛ፣ በቀን 12 ምሳ፣ ጠዋትና ማታ የባጃጅ ኪራይ አለ። ምርቱ ዘሩን፣ መኖውንና የተወሰነውን ምሳ ይሸፍን ይሆናል። ደመወዝና ትራንስፖርት አይሸፍንም። ይሸፍናል ብሎ የተጻፈ የፕሮጀክት ሐሳብ ከሁለት መንገድ በአንዱ ይፈጸማል፦ ወይ ይዘጋል፣ ወይ ተሳታፊዎቹን እንደ ነፃ ጉልበት ማሠራት ይጀምራል።

ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ቀስ ብሎም ነው የሚመጣው። የቡና ለቀማ በጥቅምትና በኅዳር ሲደርስ ፍሬው አይጠብቅም፤ ኃላፊው «ዛሬ ትንሽ ቆይታችሁ ጨርሱልኝ» ይላል፣ በማግስቱም ይደግመዋል። መከላከያው ለቀማውን ለተሳታፊዎች ያለመተው ነው፤ ለዚያ ሰሞን ደቦ ይጠራ ወይም የቀን ሠራተኛ ይቀጠር፣ የሚፈልጉ ተሳታፊዎች በፈለጉት መጠን አብረው ይልቀሙ። ገቢን በተመለከተም የሒሳብ መዝገቡ ለሁለት ይከፈል፦ የእርሻው ሒሳብ ለብቻ፣ የእንክብካቤው ሒሳብ ለብቻ። ከእርሻው ትርፍ ከኖረ ድርሻው ለተሳታፊዎች በየወሩ በግልጽ ይከፈል፣ መጠኑም ትንሽ ቢሆን በእጃቸው ይሰጥ። ሥራው በሰዓትና በምርት የሚለካ፣ የሚታዘዝ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ሠራተኛ ነው፤ በሙሉ ደመወዝ ይቀጠር። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ያረጋገጠው የአእምሮ ጉዳትንም ጨምሮ ነው።

የእንክብካቤውን ሒሳብ ማን ይክፈል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ማስፈጸሚያው ግን ሰፊ ክፍተት አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የተሠራው ለሕክምና ነው። ለድሆች ድጋፍ የሚሰጠው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ሰውን በሁለት ይመድባል፦ መሥራት የሚችል በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ የማይችል ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛል። በመካከል ያለው ሰው፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት፣ ከጎኑ ሰው ካለለት የሚሠራው፣ በሁለቱም መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም። የእንክብካቤ እርሻ የተሠራው ለዚህ ሰው ነውና መነጋገር ያለብን ስለ ዶሮው ትርፍ ሳይሆን ስለዚህ ሦስተኛ መዝገብ ነው። ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ውሎ ዋጋ ተሰልቶ ቢቀርብ፣ ከተማ አስተዳደሩም ሆነ ረጂ ድርጅት የሚከፍለው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ከትልቅ ማዕከል ይልቅ

መሬት በሊዝ ወስዶ፣ አጥር አጥሮ፣ ሰሌዳ ሰቅሎ መጀመር ያጓጓል። እኛ ግን የሚመረጠው ሌላው መንገድ ነው ብለን እናምናለን፦ በማና፣ በቀርሳ ወይም በሰቃ ጨቆርሳ አቅራቢያ፣ ከባጃጅ መንገድ ሩቅ ያልሆነ፣ ቡናና ከብት ያለው አንድ ገበሬ ቤተሰብ ሦስት ወይም አራት ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ያውል፣ በሰውና በቀን ይከፈለው። እርሻው ያለዚያም ይኖራል፤ ፕሮጀክቱ ቢቋረጥ ዶሮው አይሞትም፣ ግቢው አይዘጋም። ቤተሰቡ ሥልጠና ይፈልጋል፤ የሚጥል በሽታ እርዳታ፣ የሚያገረሽ ሕመም ምልክት (እንቅልፍ ማጣት፣ ለብቻ ማውራት መብዛት፣ ምግብ መጠራጠር)፣ ማዘዝ ሳይሆን አብሮ መሥራት። አምስት ቀን ሥልጠናና በሳምንት አንድ የነርስ ጉብኝት ካለ ይሠራል። ለሰውየው አፈር ማቀበል ሲገባ ራስ ተነሥቶ ሥራውን የመጨረስ ልማድ፣ ሠልጥነውም ቢሆን፣ ቶሎ የማይለቅ ነው፤ ነርሷ በየጉብኝቱ የምታየው አንዱ ነገር ይህ ይሁን።

ለውጡ የሚለካበትም መሣሪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 12 ጥያቄ የአቅም ውስንነት መለኪያ በአገራችንም ተሞክሯል፤ በስድስት ወር አንዴ ሃያ ደቂቃ አይፈጅም። ከሱ ጎን ለጎን ስንት ቀን እንደመጣ፣ ሆስፒታል ስንት ጊዜ እንደገባ፣ ተንከባካቢዋ በውሎው ሰዓት ምን እንደሠራች ይመዝገብ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል፤ በነዚያ ስድስት ሰዓታት እናቲቱ እንጀራ ጋግራ መሸጥ ከጀመረች ያ የእርሻው ውጤት ነው።

ጊዜው ሲሰላ ደግሞ የሚጀመርበት ወር ኅዳር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ዳሱ በደረቅ ይሠራል፣ የቡና ዘር ከዛፉ ላይ ነው። በኅዳር ሁለት ቤተሰብና ስምንት ሰው ተለይቶ፣ በታኅሣሥ አፈር ተነፍቶ፣ በጥር ከተዘራ፣ በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ችግኙ ብቅ ይላል። በሰኔ ፕላስቲኩን የሞላው ሰው ራሱ ችግኙን ተሸክሞ ያወጣዋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ግን ከዚያ በፊት በሚያዝያ ተቆፍሮ መጠበቅ አለበት።